የአራተኛዋ ክፍል አዳር

መስከረም 12

ለድምቡሼ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ከመጣላቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ድምቡሼ ይባላል ወይ ብለህ እንዳትቆጣ። ስሙን ያወጣችልህ እናትህ ናት፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ የሚቀይረው ሰው የለም።

እንደ ልማዴ የሩብ ዓመቱን ወሬ ልንገርህ። ትናንት የእንግዳ ማደሪያችንን ግብር አስታውቄ፣ ከፍዬ መጣሁ። ነገሩን አሁን ለምጄዋለሁ። ሩብ ዓመቱ ባለቀ በሃያ ቀን ውስጥ ቅጹ ይሞላል፤ በየክፍሉ ስንት አዳር እንደተያዘ ይጻፋል፤ ከየአዳሩ የመንግሥት ድርሻ ይሰላና ይከፈላል፤ ደረሰኝ ይያዛል። አንድ ቀን ካሳለፍክ ቅጣት አለው። ግብር መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛው መስኮት ላይ የምትቀመጠው መነጽራም ልጅ አሁን ገና ከሩቅ ስታየኝ ቅጹን ታወጣልኛለች። ትናንት ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ስምንት ክፍል እያከራየ ሩብ ዓመቱን ሙሉ አራት እንግዳ ብቻ እንዳደረበት ሲምልላት ሰማሁት። እሷም ቀና ብላ አየችውና በረንዳህ ላይ የሚሰጣው አንሶላ ሁሉ ታዲያ የማን ነው አለችው። ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ ሰውዬውም ቅጹን ይዞ ጥግ ሄዶ እንደገና ሞላ።

እንግዶቻችን ደህና ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዋን ክፍል ድልድይ የሚለካ መሐንዲስ ይዟት አምስት ቀን አደረ። ሁለተኛዋን ባልና ሚስት ያዟት፤ ቀኑን ሙሉ በካርታ ሲጣሉ ውለው ማታ ማታ ታርቀው ይገባሉ። ሦስተኛዋን ደግሞ ፒያኖ የሚያስተካክል ሽማግሌ። ቁርስ ሳቀርብለት ብርጭቆዎቼን አንድ በአንድ በማንኪያ እየመታ አዳመጠና ከስድስቱ አንዷ ብቻ ትክክል ናት ብሎኝ ሄደ። የቷ እንደሆነች ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ አሁን ውሃ በጠጣሁ ቁጥር እሷ ትሆን እያልኩ ነው።

ጠዋት ጠዋት አንሶላዎቹን ሰገነቱ ላይ ሳሰጣ ንፋስ ሲሞላቸው ቤቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስለኛል። ወዴት እንደሆነ እንጃ። ዝም ብዬ ገመዱን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ። እንደ እኔ ያለች አሮጊት እንዲህ ስትል የሰማ ለየላት ይል ይሆናል፤ ለአንተ የምነግርህ ግን ስለምታውቀኝ ነው።

የሦስቱን ክፍል ኪራይ፣ ግብሩና የሳሙናው ተቀንሶ፣ እንደወትሮው ልኬልሃለሁ። አራተኛዋ እንደተዘጋች ናት። የመምጫህን ነገር የት አደረስከው? በሚቀጥለው ወር ብለህ ከጻፍክልኝ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ይሄ የሚቀጥለው ወር የት አገር ነው ያለው?

መንገድህን ያቅናልህ።

አክስትህ



ጥቅምት 20

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ በፍቅር ይድረስሽ። ጉልበትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ ደረጃውን በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አትውጪ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱን ያዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ ለመጻፍ የሚከብድ ነገር ስለገጠመኝ ነው።

መጀመሪያ የሚቀለውን ልጻፍልሽ። ሥራዬ እንደምታውቂው ሆቴሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። መተኮሻው ማሽን አንሶላውን በአንድ ወገን እርጥብ ይውጠውና በወዲያኛው ትኩስ አድርጎ ያወጣዋል፤ እኔ ተቀብዬ አጥፋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ጀርባዬን ትኩሱ ክምር ላይ አስደግፌ ዓይኔን ስከድን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የምሄደው። ቤታችን ኮሪደር ውስጥ ነኝ። ወለሉ አሁን ተወልውሎ ገና አልደረቀም። የመጨረሻዋ ክፍል፣ የእኔዋ፣ በሯ ገርበብ ብሏል፤ ብርሃን በስንጥቁ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አልገባም። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆሜ ሳለሁ የሥራ ደወል ይደወላል።

አሁን ደግሞ የሚከብደው። ሰዓቴን በግማሽ ቀነሱብኝ። እንግዳ አነሰ፣ አንሶላውም አነሰ ነው የሚሉት። የሁለት ወር የቤት ኪራይ አልከፈልኩም። በዚህ መሐል የሠፈራችን ደላላ ለቤቱ ገዢ አለ ብሎ ጻፈልኝ። ቤቱ በእኔ ስም ይሁን እንጂ ያንቺም መሆኑን አልረሳሁም። ግን እትዬ፣ ቤቱ ከዚህ የተሻለ ካላስገባ እስከ ዓመቱ አጋማሽ መሸጥ ግድ ሊሆንብኝ ነው። አራተኛዋ ክፍል ለምን ትዘጋለች? ብትከራይ አንድ ነገር ነበር።

የመምጫዬን ነገር ፈቃድ እንዳገኘሁ እጽፍልሻለሁ። አሠሪዎቼን ታውቂያቸዋለሽ፤ ለእማዬ ቀብር እንኳ የከለከሉኝ ሰዎች ናቸው።

አክባሪሽ፣ የእህትሽ ልጅ



ኅዳር 8

ለድምቡሼ፣

ባለህበት ሰላም ሁንልኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር። ያለ መነጽሩ ይሻላል።

ሰዓትህን መቀነሳቸው አንጀቴን በላው። የምትበላው አለህ? የቤቱን ነገር ግን ካንተ በፊት ሰምቼዋለሁ። ደላላው ሜትር ይዞ መጥቶ የፊት ለፊቱን ግንብ ሲለካ አገኘሁት። ምን ፈልገህ ነው ስለው እንግዳ ነኝ አለኝ። እንግዳ ከሆንክ የስንት አዳር ልጻፍልህ አልኩት፤ እየሳቀ ሄደ። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሰምታለች፣ ጎማ ጠጋኙ ሰምቷል፤ ለካ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቤቱ ቢሸጥ እኔ የት እንደምገባ አልጻፍክም። እኔም አልጠይቅህም። ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍሌ የምትይዘው አንድ አልጋና አንድ የስፌት መኪና ነው፤ ያን የምታህል ክፍል የትም አትጠፋም ብለህ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ክፍሉስ አይጠፋም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱን ነው ሌላ ቦታ የማላገኘው። አንተ እዚያች ክፍል ውስጥ ከመኪናዬ ሥር ቁጭ ብለህ ክር ስትለቅም ነው ያደግከው።

አራተኛዋን አከራያት ላልከው፣ ግድግዳዋ እርጥበት ይዟል። እንግዳ አድሮባት ሲያስነጥስ ቢያነጋ ስማችን ይጠፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን በሦስቱ እንቆይ።

ሰሞኑን ሰው የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም እንግዳ አልመጣም። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ሳልፍ ገባ ብዬ መነጽራሟን ሰው ካልመጣ ምን ላደርግ ነው ብላት ዜሮ ብለሽም ቢሆን ማስታወቅ ግዴታ ነው አለችኝ። የሌለውም ይታወቃል እንዴ ብላት ሳቀች። ስመለስ ሰገነቱ ላይ የሚሰጣ አልነበረም። ገመዱ ብቻውን ሲወዛወዝ አይቼ ገና ያልቆሸሹትን ሁለት አንሶላዎች አውጥቼ አጥቤ ሰቀልኳቸው። ቤቱ ሲቆም ደስ አይለኝም።

እንጀራህን ያስፋልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ።

አክስትህ



ታኅሣሥ 6

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ቤቱ በስሜ ስለሆነ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሁለት ዓመቱን መግለጫ በአድራሻዬ ልኮልኛል። እስከ ዛሬ ደረሰኙን አንቺ ስለምትይዢው እኔ ዝርዝሩን አይቼ አላውቅም ነበር። አንደኛ ክፍል አንዳንዴ ግማሽ፣ አንዳንዴ ሲሦ። ሁለተኛና ሦስተኛም እንደዚያው። አራተኛ ክፍል ግን በየሩብ ዓመቱ ሙሉ ናት። አንድ ቀን ሳይጎድል ሰባት መቶ ሠላሳ አዳር። ከሁሉ የበለጠ ገበያ ያላት እርጥቧ ክፍላችን ሆና ተገኘች።

እትዬ፣ ሰው ለሌለ እንግዳ ግብር አይከፍልም። እኔ እንኳ ሆቴል ቤት እየሠራሁ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። እንግዳ ካደረ ኪራይ አለ፤ ኪራዩ ደግሞ እኔ ጋ አልደረሰም። የሚያስፈልግሽ ነገር ኖሮ ጠይቀሽኝ ቢሆን እንደማልከለክልሽ ታውቂያለሽ። ሌላ ምንም አልልም። አንቺው ታውቂያለሽ።

ለደላላው ወሩ ሲያልቅ እፈርማለሁ ብዬዋለሁ።

የእህትሽ ልጅ



ጥር 20

ለምወድሽ እትዬ፣

ከጻፍኩልሽ ስድስት ሳምንት አለፈ። የሦስቱ ክፍል ኪራይ በቀኑ ደርሶኛል፤ ከመላኪያው ወረቀት ጋር ግን አንዲት ቃል የለም። ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት። አመመሽ ወይ? ወይስ ተቀየምሽኝ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ብመልሰው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ደላላው ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል። እስካሁን አልፈረምኩም፤ ለምን እንዳልፈረምኩ እኔም እንጃ። ቀጠሮው አልፏል፣ የምከፍለውም የለኝም፣ ግን ብዕሩን ሳነሳ አንቺ ከመኪናሽ ሥር ክር ስታስለቅሚኝ ትመጪብኛለሽ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዓይኔን ስከድን ኮሪደሩ አሁንም ይመጣል። ወለሉም እርጥብ ነው። በሩ ግን የለም። እስከ መጨረሻው እሄድና እጄን ስዘረጋ ግድግዳ ነው የምነካው።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ብትሰድቢኝም ይሁን።

ልጅሽ



የካቲት 14

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህን እጠይቃለሁ። ሰላምታው ይህን ያህል ይበቃል።

ሌባ አላልከኝም። አንቺው ታውቂያለሽ ነው ያልከኝ። ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ መቀስ ባነሳሁ ቁጥር የሰው መጋረጃ ሳበላሽ ከረምኩ። አሁን ትንሽ ስለበረደልኝ እጽፍልሃለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው ልሞት ስላልፈለግሁ ነው።

እናትህን በቀበርን በሁለተኛው ወር ክፍሎቹን ለማከራየት ፈቃድ ስጠይቅ ከመሥሪያ ቤቱ መርማሪ መጣ። ሦስቱን አየ። አራተኛዋን ክፈቺ አለኝ። ከፈትኩለት። አልጋው ተነጥፏል። ፎጣው ታጥፎ ወንበሩ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ውሃ በጠርሙስ፣ አጠገቡ ብርጭቆ በሳሕን ተከድኖ። ነጠላ ጫማህ ከአልጋው ሥር። ለቀብሩ ትመጣለህ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ ስትቀር እንደዚያው ትቼው፣ ውሃውን ብቻ በየጠዋቱ እቀይራለሁ። ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ አየና ማን ነው እዚህ የሚኖረው አለኝ። ልጄ አልኩት። የት ሄዶ ነው አለኝ።

«እየመጣ ነው» አልኩት።

እሱም አራት ክፍል ብሎ መዝግቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅጹ ላይ አራተኛዋ የራሷ መስመር አላት። በመስመሩ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የተያዘበት አዳርና ባዶ የሆነበት አዳር። መነጽራሟ ሰው ካላደረበት ባዶ በሚለው ሥር ጻፊ፣ ግብርም የለውም አለችኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። እህቴን ቀብሬ አምስት ወሬ ነው። የአንተን ክፍል ባዶ ብዬ በመንግሥት ወረቀት ላይ ልጽፍ፣ ማኅተም ሊመታበት፣ መዝገብ ቤት ሊቀመጥ። እጄ እምቢ አለኝ። የተያዘ ብዬ ሞላሁት። ግብሩን ከስፌቴ አውጥቼ ከፈልኩ። ካንተ ኪራይ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ሰው ሁሉ ያደረውን እንግዳ ይደብቃል፤ እኔ ያላደረውን አስመዘገብኩ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ባዶ ብል ደግሞ መጥተህ የሄድክ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቅጽ ሞላ። ዘጠነኛውን ታኅሣሥ ሃያ ቀን ሞላሁት፤ አንቺው ታውቂያለሽ ካልከኝ በኋላ ማለት ነው፤ ያኔም የተያዘ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እርጥበት ያልኩህ ውሸት ነው። ከቤቱ ሁሉ ደረቋ እሷ ናት።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንደፈለግህ ተቀበለው። አንዳንድ ጠዋት አንሶላውን ልቀይር ስገባ ትራሱ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ አገኘዋለሁ። የራሴ ክርን ይሆናል፣ ወይም ጥጡ ተኮማትሮ ይሆናል እላለሁ። ግን ሰው ያደረበትን ትራስ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። አስተካክለውና ወጥቼ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ።

ደብዳቤህን ይዤ ሄጄ ለመነጽራሟ አሳየኋት። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ሳያት ልጅ ናት። እናቴ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለማን ነበር የምትከፍዪው አለችኝ። በስህተት የተከፈለ ግብር ይመለሳል አለች። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ክፍሏ ባዶ እንደነበረችና ለምን ባዶ እንደነበረች ጽፎ መፈረም አለበት። ቅጹን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሙላና መልስልኝ፤ ገንዘቡ ላንተ ይድረስ። ቤቱንም መሸጥ ከፈለግህ ሽጠው፤ እኔ እቃዬን በአንድ ጋሪ አወጣለሁ። ያቺን ቃል ግን እኔ አልጽፋትም። ባዶ ያደረግካት አንተ ነህ፣ አንተ ጻፋት።

አክስትህ



ሚያዝያ 2

ለእናቴ እህት፣ ለእናቴ፣

እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ከዚህ በላይ የሚያምር ቃል ፈልጌ አጣሁ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነበር፤ ስጨርስ ማሽኑ አንሶላውን መሬት ላይ ሲያፈስ ነበር። አለቃዬ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ፊቴን አየችና ራሷ ልታነሳው ጎንበስ አለች።

ለደላላው ቤቱ አይሸጥም ብዬ ጻፍኩለት። ክፍሌን ለቅቄ ከአንድ የሊፍት ጠጋኝ ጋር ተጋርቼ ገብቻለሁ፤ ሲያንኮራፋ ሊፍቱ ራሱ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ስለ እኔ ኪራይ አታስቢ። ያንቺ ክፍል ያንቺ ነው፤ ማንም አያስወጣሽም።

ቅጹን ሞልቼ ልኬልሻለሁ። አንድ ወር ፈጀብኝ። ባዶ የሚለውን መጻፍ አልከበደኝም፤ እውነት ነው። የከበደኝ ከሥሩ ያለው ነው። ምክንያት ይላል፤ ሦስት ሳጥን አለው፤ እድሳት፣ የእንግዳ እጥረት፣ ድንገተኛ አደጋ። አራተኛው ሌላ ይላል፤ አንድ መስመር ተኩል ትተውለታል። መጀመሪያ የእንግዳ እጥረት ላይ ምልክት ላደርግ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ብዕሩን ሳጥኑ ላይ አድርጌ ሳለሁ ትራሱ ትዝ አለኝ። አንቺ ያን ሁሉ ስትነግሪኝ እኔ እዚህ ሳጥን ውስጥ ልደበቅ ነው አልኩ።

እትዬ፣ ለእማዬ ቀብር ፈቃድ አልከለከሉኝም። ጠይቄ ሳልጨርስ ነው የሰጡኝ። አለቃዬ ትከሻዬን ይዛ ሂድ አለችኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ለትኬቱ አዋጡልኝ። ሻንጣዬን ይዤ አየር ማረፊያ ደረስኩ። ተመዘገብኩ። መሳፈሪያው በር ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ተሰልፎ መግባት ጀመረ። ያኔ ነው ደረጃውን ወጥቼ ኮሪደሩን ስሄድ ከወጥ ቤት «መጣህ?» የሚለኝ ድምፅ እንደሌለ ያሰብኩት። ያንን ብቻ ነው ያሰብኩት። እግሬ አልነሳ አለኝ። ስሜን በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ጠሩ። ሰምቻለሁ። ከዚያ በሩን ዘጉት። አውሮፕላኑ ሲንደረደር በመስታወቱ አየሁት፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ አንዱ ባዶ መቀመጫ የእኔ ነበር። ወደ ክፍሌ ተመልሼ የአራት ቀን ፈቃዴን ተኝቼ ጨረስኩት። አንቺ ብቻሽን ቀበርሻት።

ከዚያ ወዲህ ምን ብዬ ልምጣ? ልመጣ ባሰብኩ ቁጥር ያኔ ለምን አልመጣህም የሚለው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንቺ ባትጠይቂኝም ደረጃው ይጠይቀኛል። በሚቀጥለው ወር የምልሽ እየዋሸሁሽ አልነበረም፤ በየወሩ ራሴን ነበር የምዋሸው።

ሌላ በሚለው ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «መምጣት እየቻለ ለእናቱ ቀብር ያልመጣ ልጅ ክፍል ናት። አፍሮ ቀረ።» አንድ መስመር ተኩሉ በቃው።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና ኮሪደሩ ውስጥ ነበርኩ። በሩ ተመልሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ገፋ አድርጌው ገባሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ አልጋው እንደጻፍሽልኝ ነው፤ ውሃው አሁን የተቀዳ ነው። ተኛሁበት። ደወሉ ቢደወልም አልነቃሁም፤ ጓደኛዬ ነው ነካ ነካ አድርጎ የቀሰቀሰኝ። ያደርኩ እንደሆነ እንጃ እትዬ፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት ግን ትራሱን ሳታስተካክዪ እይው።

ልጅሽ



ግንቦት 18

ለድምቡሼ ልጄ፣

ጤናህ ይብዛልኝ፣ ዕድሜህ ይርዘምልኝ። ሰላምታዬ ተመልሷል፤ ልብ በል።

አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሰገነት ወጣሁና የደረቀውን አንሶላ ሁሉ አውርጄ እንደገና አጠብኩት። እንዲህ ነው የተናደድኩት። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ ትላለህ። እኔ የዚያን ቀን ከሦስት በላይ ነው የጠራሁህ። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ዞሬ እሱ ነው እያልኩ ሰው አስቁሜአለሁ፤ እስኪ ትንሽ እንጠብቅ እያልኩ አርፍደን ቀበርናት። አሠሪዎችህን ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግማቸው ኖርኩ። ለአለቃህ ይቅርታዬን አድርስልኝ፤ ምን አድርጌ ነው እንዳትልህ ብቻ።

በሁለተኛው ቀን ቁጣው ወጣልኝና አለቀስኩ። አንተ ከወንበሩ መነሳት አቅቶህ፣ እኔ ባዶ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ። የአንድ ቤት ሰዎች መሆናችን እንዴት ይጠፋል?

አንተ እውነቱን ካወጣህ እኔም ላውጣ። ክፍሏን ያቆየኋት በፍቅር ብቻ አይደለም። ክስም ነበር። ውሃውን በቀየርኩ ቁጥር እይ፣ እኔ እየጠበቅሁህ ነው እልህ ነበር፤ አንድ ቀን መጥተህ አይተህ እንድታፍር። አፍረህ የቀረህ መሆንህን በምን ልወቅ? ያፈረን ሰው የተነጠፈ አልጋ አያመጣውም። ይህን ሳላውቅ አረጀሁ። አንተም ይቅር በለኝ።

ቅጹን ይዤ ሦስተኛው መስኮት ሄድኩ። መነጽራሟ ምክንያቱን ድምፅ ሳታሰማ አነበበችው፤ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሕጉ ውስጥ የለም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ዞር ብላ መሳቢያ ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። ከዚያ ባዶ መሆኗ ይበቃናል እናቴ፣ ለምን የሚለውን እኛ አንፈርድበትም አለችኝና ማኅተሙን መታችው። የሚመለሰው የመጨረሻው ዓመት ብቻ ነው፤ የፊተኛው ጊዜው አልፎበታል። እሱ ለመንግሥት ይሁን፤ መንገድ ይጠግኑበት። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ አንተ ይመጣል። ያለብህን ኪራይ ክፈልበት። ትኬት ቁረጥበት አልልህም። ትኬት ሰው አያመጣም፤ አይተነዋል።

ትራሱን ሳላስተካክል እይው ላልከኝ፣ አየሁት። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት ምንም የተነካ አልነበረም። እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ።

ስለዚህ አራተኛዋን ካለፈው ሰኞ ጀምሮ አከራየኋት። የያዘቻት አንዲት ሰዓት ሠሪ ሴት ናት፤ ሦስት አዳር። በነጋታው ጠዋት እንቅልፉ እንዴት ነበር ስላት በዚህ ዓመት እንዲህ ተኝቼ አላውቅም አለችኝ። አንሶላውን ስገፍ እጄ ትንሽ አመነታ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ያደረችባቸውን ሦስቱን የተያዘ እላለሁ፤ የቀሩትን ባዶ እላለሁ፤ እጄም የለመደው ይለምደው።

እንግዲህ ዕወቀው፤ ብትመጣ የሚጠብቅህ ክፍል የለም። የተነጠፈ አልጋ፣ የተቀዳ ውሃ፣ የታጠፈ ፎጣ፣ አንዱም የለም። እኔ ክፍል ውስጥ በአልጋዬና በስፌት መኪናው መሐል ፍራሽ አነጥፍልሃለሁ፤ ጠቦህ ታድራለህ። ያንን ለማንም አላስታውቅም፤ እንግዳ አይደለህምና መዝገብ አትገባም።

ደረጃውን ስትወጣ ምን እንደሚያስፈራህ አሁን አውቄዋለሁ። ፈርተህም ቢሆን ውጣው። ከወጥ ቤት «መጣህ?» የሚልህ ሰው አለ። ድምፁ የእናትህ አይደለም፤ የኔ ነው።

አክስትህ